የቀጥተኛ ልጅ ኤልመንቶችን ስም ብቻ ከኤክስኤምኤል ሰነድ ማውጣት

ጥያቄው ባጭሩ የሚከተለው ነው። «በጃቫ የኤክስኤምኤል ፋይል አነባለሁ። ከአንድ ኤልመንት ሥር በቀጥታ የሚገኙትን ልጆች ስም ብቻ በሰነዱ ቅደም ተከተል መዘርዘር ፈልጌ ነበር። ጌት ቻይልድ ኖድስ የተባለውን ሜተድ ስጠቀም በስሞቹ መካከል እኔ ያልጻፍኩት ‹#ቴክስት› የሚል ነገር እየተሰነቀረ ይወጣል። እሱን ለመሸሽ ጌት ኤልመንትስ ባይ ታግ ኔም የተባለውን ከኮከብ ምልክት ጋር ስጠራ ደግሞ የልጅ ልጆቹም ሳይቀሩ ተደባልቀው ይመጣሉ። አንዱ ያልጠየቅሁትን ይጨምርብኛል፤ ሌላው ከልክ በላይ ጠልቆ ይሄዳል። ልጆቹን ብቻ የሚሰጠኝ መንገድ የትኛው ነው?»

መልሱን አስቀድሜ ልስጥ። ከወላጁ ኤልመንት የመጀመሪያ ልጅ ይነሡ፤ ቀጣዩን ወንድም እየጠየቁ የሚቀጥል ኖድ (ሰነዱ በዛፍ መልክ ሲቀመጥ እያንዳንዱ ቁራጭ፣ ለምሳሌ ኤልመንት፣ ጽሑፍ ወይም ማስታወሻ) እስኪያልቅ ድረስ ይሂዱ፤ በመንገድዎ ካገኟቸው ኖዶች መካከል የዓይነት ቁጥራቸው 1 የሆኑትን፣ ማለትም ኤልመንቶቹን ብቻ ይያዙና ስማቸውን ይመዝግቡ። ወደ ልጆቹ ውስጥ አይግቡ። ሥራው ይኸው ነው፤ በጃቫ ከጥቂት መስመሮች አይበልጥም። የቀረው ጽሑፍ ሁለቱ ሙከራዎችዎ ለምን እንዳልሠሩና ይህ አጭር ኮድ ነገ ሌላ ፋይል ሲሰጠው የት የት ሊሰናከል እንደሚችል ለማሳየት ነው፤ በሥራዬ እንደታዘብኩት ከሆነ ‹ልጅ› ከሚለው ቃል ይልቅ ብዙ ችግር የሚያመጣው ‹ስም› የሚለው ነው።

እንደ ምሳሌ የሚከተለውን ሰነድ እንያዝ።

<መጽሐፍ>
  <ርዕስ>የዛፎች ጥናት</ርዕስ>
  <ደራሲ>
    <ስም>ሀ</ስም>
    <የአባት_ስም>ለ</የአባት_ስም>
  </ደራሲ>
  <!-- ምዕራፎቹ ገና አልታረሙም -->
  <ምዕራፍ>አንደኛ</ምዕራፍ>
  <ምዕራፍ>ሁለተኛ</ምዕራፍ>
</መጽሐፍ>

በዓይን ሲታይ ‹መጽሐፍ› አራት ልጆች አሉት፦ ርዕስ፣ ደራሲ፣ ምዕራፍ እና ምዕራፍ። የመጀመሪያው ሜተድዎ ግን 11 ኖዶችን ይመልሳል፤ ሁለተኛው 6 ኤልመንቶችን ይመልሳል። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ የተሰጣቸው ጥያቄ ከእርስዎ ጥያቄ የተለየ በመሆኑ ብቻ መልሳቸው የተሳሳተ መሰለ።

11 ያለው ሜተድ እንዴት እንደቆጠረ እንይ። ከ‹መጽሐፍ› መክፈቻ ታግ በኋላ ወዲያው የሚመጣው ‹ርዕስ› አይደለም፤ የመስመር ማብቂያ ምልክትና ሁለት ባዶ ቦታዎች ናቸው። ከ‹ርዕስ› መዝጊያ በኋላም እንደዚሁ ነው። የኤክስኤምኤል ደንብ ፓርሰሩ (ሰነዱን የሚያነበው ፕሮግራም) ታግ ያልሆነውን ፊደል ሁሉ፣ ባዶ ቦታውንም ጭምር፣ ለሚጠቀምበት ፕሮግራም እንዲያስተላልፍ ያዛል፤ ምክንያቱም ይህ ባዶ ቦታ ለውበት የገባ ይሁን ትርጉም ያለው ጽሑፍ ፓርሰሩ በራሱ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ አራቱ ኤልመንቶችና አንዱ ማስታወሻ በተራ ሲቀመጡ በፊታቸው፣ በመካከላቸውና በኋላቸው ስድስት የጽሑፍ ኖዶች ይኖራሉ፤ 4 እና 1 እና 6 ሲደመሩ 11 ይሆናል። ‹#ቴክስት› የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው፤ የጽሑፍ ኖድ የራሱ ስም ስለሌለው ዶም የሚባለው፣ ሰነዱን በኖዶች ዛፍ የሚወክለው ሞዴል ይህን ቋሚ መጠሪያ ለሁሉም ይሰጣቸዋል። አትሪቢዩቶች ግን በዚህ ቆጠራ ውስጥ አይገቡም፤ አትሪቢዩት ባለቤት ኤልመንት አለው እንጂ የማንም ልጅ አይደለም።

ብዙዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ባዶ ቦታውን ከምንጩ ለማጥፋት ይሞክራሉ። ፓርሰሩን የሚፈጥረው የጃቫ ፋክተሪ በኤልመንቶች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ እንዲተው የሚያዝ ሴቲንግ ስላለው እሱን አብርተው ምንም ለውጥ ሲያጡ ይገረማሉ። ይህ ሴቲንግ የሚሠራው ከሰነዱ ጋር ዲቲዲ (የሰነዱን አወቃቀር የሚደነግግ መግለጫ) ሲኖርና ዲቲዲው ‹ከዚህ ኤልመንት ሥር የሚገኙት ኤልመንቶች ብቻ ናቸው፤ ጽሑፍ አይገባም› ብሎ ሲያውጅ ነው። ዲቲዲ ከሌለ ፓርሰሩ ባዶ ቦታውን ለመጣል የሚያስችለው ማስረጃ የለውም፤ ስለዚህ አይጥለውም። ቢሠራ እንኳ ማስታወሻው በቦታው ይቀራል፤ ችግርዎ ግማሹ ብቻ ይፈታል።

ሌሎች ደግሞ ስሙ በ# የሚጀምረውን ሁሉ ይጥላሉ። ይህ ለጽሑፍ፣ ለማስታወሻና ለሲዳታ ክፍል (በውስጡ ያለው ሁሉ እንደ ተራ ጽሑፍ የሚነበብ ክፍል) ይሠራል፤ የሦስቱም መጠሪያ በዚያ ምልክት ይጀምራልና። ነገር ግን በጥያቄ ምልክት ተከፍተው የሚዘጉት የማቀነባበሪያ መመሪያዎች የዓይነት ቁጥራቸው 7 ሲሆን የኖድ ስማቸው የመመሪያው ዒላማ ራሱ ነው፤ በፊቱ # የለውም። እንዲህ ያለ መመሪያ ከወላጁ ሥር የገባ ቀን ኤልመንት መስሎ ከስሞችዎ ጋር ይሰለፋል። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ከዚህ የባሰ ኮድ እንድጠግን ተሰጥቶኝ ነበር፤ ጸሐፊው ኖዶቹን ሁለት ሁለት እየዘለለ ያነብ ነበር፤ የመጀመሪያው ባዶ ቦታ፣ ሁለተኛው ኤልመንት፣ ሦስተኛው ባዶ ቦታ ስለሆነ። ፋይሉን የሚልከው ወገን አንድ ቀን መጠን ለመቆጠብ መስመሮቹን አጣብቆ ላከውና ፕሮግራሙ ያለ ምንም የስህተት መልእክት ግማሹን መረጃ ማጣት ጀመረ። የኖድ ዓይነትን መጠየቅ እየተቻለ ዓይነቱን ከስሙ ወይም ከተራ ቁጥሩ መገመት ምንም አያተርፍም።

ስለዚህ አሠራሩ በአማርኛ ሲጻፍ ይህን ይመስላል።

ስሞች = ባዶ ዝርዝር
ኖድ = ወላጅ.የመጀመሪያ_ልጅ
ኖድ ባዶ እስኪሆን ድረስ ደጋግም፦
    የኖድ ዓይነት 1 ከሆነ፦
        የኖድን ስም ስሞች ላይ ጨምር
    ኖድ = ኖድ.ቀጣይ_ወንድም

በጃቫ ‹የመጀመሪያ ልጅ› ያልኩት ጌት ፈርስት ቻይልድ ነው፤ ‹ቀጣይ ወንድም› ጌት ኔክስት ሲብሊንግ፣ ዓይነቱን የሚጠይቀው ደግሞ ጌት ኖድ ታይፕ ነው። ቁጥር 1ን በቀጥታ ከመጻፍ ኤልመንት ኖድ የተባለውን ቋሚ መጠቀም ለአንባቢ ይሻላል። ጌት ቻይልድ ኖድስን በተራ ቁጥር እየዞሩ ማንበብም ውጤቱ ያው ነው፤ ሆኖም የሚመለሰው ዝርዝር ከዛፉ ጋር የተሳሰረ ሕያው ዝርዝር መሆኑን ያስታውሱ፤ ሉፑ ውስጥ ሆነው አንዱን ልጅ ቢያስወግዱ የቀሩት አንድ ቦታ ወደ ፊት ይጠጋሉና ቀጣዩን ሳያዩት ያልፋሉ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሙከራዎ ልመለስ። ጌት ኤልመንትስ ባይ ታግ ኔም የተሠራው ከአንድ ኤልመንት ሥር በየትኛውም ጥልቀት ያለውን ዘር ሁሉ ለመፈለግ ነው። ኮከቡ ‹ማንኛውም ስም› ማለት እንጂ ‹ማንኛውም ልጅ› ማለት አይደለም። ስለዚህ ከእኛ ምሳሌ ርዕስን፣ ደራሲን፣ ስምን፣ የአባት_ስምን እና ሁለቱን ምዕራፎች በሰነዱ ቅደም ተከተል ይሰጣል። የስህተቱ ክፉ ገጽታ የሚታየው ግን በኮከብ ሲጠራ አይደለም፤ በኮከብ ሲጠራ ትርፉ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ክፉው በስም ሲጠራ ነው። ‹ክፍል› የሚባል ኤልመንት በውስጡ ሌላ ‹ክፍል› ሊይዝ የሚችልበትን ሰነድ ያስቡ። የሙከራ ፋይሉ ውስጥ አንድም የተጣጠፈ ክፍል ካልነበረ ኮዱ ለወራት በትክክል ይሠራል፤ የተጣጠፈው በመጣ ቀን የውስጠኛው ክፍል ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ አንድ ጊዜ ከውጭኛው ወላጅ፣ አንድ ጊዜ ከራሱ ወላጅ።

ይህን ሜተድ መተው የማይቻልበት ሁኔታ ካለ ከተመለሱት መካከል ወላጃቸው የእርስዎ ኤልመንት የሆነውን ብቻ ማጥለል ትክክለኛ ውጤት ይሰጣል። ነገር ግን ጥቂት ልጆችና በሥራቸው በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ዘሮች ባሉበት ዛፍ ውስጥ ጥቂቶቹን ለማግኘት ሁሉንም መጎብኘት ይሆናል፤ የመጀመሪያው መንገድ ክፍት ሆኖ ሳለ ይህን የምመርጥበት ምክንያት አይታየኝም።

አንድ ትንሽ ነገር በቅንፍ ላስገባ፤ የመነሻ ኖድዎ የቱ እንደሆነ ያረጋግጡ። ፓርሰሩ የሚመልሰው ሰነዱን ራሱን ነው፤ የሰነዱ ልጅ የሆነው ኤልመንት ደግሞ ሥረ ኤልመንቱ ብቻ ነው። ‹አንድ ስም ብቻ አገኘሁ› የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሉፑን የጀመሩት ከሥረ ኤልመንቱ ሳይሆን ከሰነዱ ነው፤ መጀመሪያ ጌት ዶክዩመንት ኤልመንትን መጥራት ይበቃል።

ከዚህ በኋላ ያለው የስም ጉዳይ ነው። ጌት ኖድ ኔም የሚሰጠው በፋይሉ ውስጥ እንደተጻፈ ያለውን ሙሉ መጠሪያ ነው፤ ኤልመንቱ ቅድመ ስም ካለው ቅድመ ስሙና ሁለት ነጥቡ አብረው ይመጣሉ። ‹መ:ርዕስ› ተብሎ የተጻፈ ኤልመንት ‹መ:ርዕስ› ተብሎ ይመለሳል። ቅድመ ስሙ ግን ጊዜያዊ ምልክት ብቻ ነው፤ የኤልመንቱን ማንነት የሚወስኑት ቅድመ ስሙ የሚያመለክተው የኔምስፔስ (ስሙ የየትኛው የስሞች ስብስብ አባል እንደሆነ የሚለይ) አድራሻና ከሁለት ነጥቡ በኋላ ያለው የውስጥ ስም ናቸው። አንዱ ላኪ ‹መ› ያለውን ሌላው ‹ቤተ› ሊለው ይችላል፤ ሦስተኛው ያለ ቅድመ ስም ነባሪ ኔምስፔስ አውጆ ባዶውን ‹ርዕስ› ሊጽፍ ይችላል። ሦስቱም በደንቡ መሠረት አንድ ዓይነት ኤልመንት ናቸው፤ ጌት ኖድ ኔም ግን ሦስት የተለያዩ ስሞችን ይመልሳል። የስሞቹን ዝርዝር ለሰው ለማሳየት ብቻ ከሆነ የሚያወጡት ይህ ላያሳስብዎት ይችላል። በስሞቹ ላይ ተመሥርተው ውሳኔ የሚወስኑ ከሆነ ግን ጌት ሎካል ኔምን እና ጌት ኔምስፔስ ዩአርአይን ጥንድ አድርገው ይያዙ።

ይህን ምክር ተቀብለው ጌት ሎካል ኔምን ሲጠሩ ነል (ባዶ እሴት) ቢመለስልዎ አይደንግጡ። የጃቫው ዶክዩመንት ቢልደር ፋክተሪ ካልታዘዘ በስተቀር ኔምስፔስን አይመለከትም፤ ዛፉ በዚህ ሁኔታ ሲሠራ ቅድመ ስሙና ሁለት ነጥቡ እንደ ተራ የስም ፊደላት ይቆጠራሉ፤ የውስጥ ስም የሚባል ነገርም አይኖርም። ፋክተሪው ቢልደሩን ከመፍጠሩ በፊት ሴት ኔምስፔስ አዌር የተባለውን በ‹ትሩ› እሴት ይጥሩ። ኔምስፔስ ከዋናው የኤክስኤምኤል ደንብ በኋላ በ1999 የመጣ ተጨማሪ ሰነድ ነው፤ ዋናው የወጣው በ1998 ነበር። የነባር ላይብረሪዎች ሁለት ዓይነት ጠባይ ከዚህ ታሪክ የተወረሰ ነው፤ ለምን እንደዚያ እንደተውት ይገባኛል፤ ሆኖም ለአዲስ ተማሪ ከዚህ የበለጠ ጊዜ የሚያባክን ነባሪ ሴቲንግ ጥቂት ነው።

በምሳሌዬ ውስጥ የታግ ስሞችን በግዕዝ ፊደል መጻፌን አይተዋል፤ ይህ ራሱ ለአማርኛ ጸሐፊ መታወቅ ያለበት ነገር አለው። የመጀመሪያው የኤክስኤምኤል ደንብ ለስም የሚፈቀዱትን ፊደላት የዘረዘረው በዩኒኮድ 2.0 ላይ ተመሥርቶ ነበር፤ የኢትዮጵያ ፊደል ደግሞ ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 ነው። በመሆኑም በኤልመንት ውስጥ የአማርኛ ጽሑፍ ማስቀመጥ ሲፈቀድ በአማርኛ የኤልመንት ስም ማውጣት ግን አልተፈቀደም ነበር። በ2004 የወጣው ስሪት 1.1 ይህን ከፈታው በኋላ በ2008 የወጣው የስሪት 1.0 አምስተኛ እትምም ደንቡን አላላው። ነገር ግን ሁሉም ፓርሰሮች አምስተኛውን እትም አልተከተሉም። ከጃቫ ጋር የሚመጣው ፓርሰር ከላይ ያለውን ምሳሌ የሚቀበለው በሰነዱ የመጀመሪያ መስመር የስሪት ቁጥሩ 1.1 ተብሎ ከታወጀ ነው። የፓይተን መደበኛ ላይብረሪ የሚደገፍበት ኤክስፓት አራተኛውን እትም ስለሚከተል ‹መጽሐፍ› የሚለውን ታግ ገና ሲያየው ስህተት ይላል፤ በሊብኤክስኤምኤል 2 ላይ የቆመው ኤልኤክስኤምኤል ግን ያነበዋል። ፋይልዎ ከብዙ ፕሮግራሞች ጋር የሚገናኝ ከሆነ የታግ ስሞቹን በላቲን ፊደል፣ ይዘቱን በአማርኛ ማድረግ እስካሁንም አስተማማኙ መንገድ ነው።

የግዕዝ ስሞችን ለመጠቀም ከወሰኑ ደግሞ ሦስት ነገሮች ይጠብቁዎታል። ኤክስኤምኤል ስሞችን የሚያነጻጽረው በድምፅ ሳይሆን በፊደል ኮድ ነው፤ ስለዚህ ‹ርዕስ› እና ‹ርእስ› ሁለት የተለያዩ ኤልመንቶች ናቸው፤ ‹ዓመት› እና ‹አመት›፣ ‹ጸሐፊ› እና ‹ፀሐፊ›ም እንደዚሁ። የዩኒኮድ ማስተካከያ ሕጎችም እነዚህን አንድ አያደርጓቸውም። በላቲን የሚጽፉ ሰዎች በትልቅና በትንሽ ፊደል ልዩነት የሚሰቃዩትን እኛ በሞክሼ ፊደላት እንሰቃያለን፤ መክፈቻውን በአንዱ፣ መዝጊያውን በሌላው የጻፈ ሰው ስህተቱን በዓይኑ ለማየት ብዙ ደቂቃ ይፈጅበታል። ሁለተኛው የሁለት ነጥብ ጉዳይ ነው። የአማርኛ ኪቦርድ ብዙ ጊዜ የሚያወጣው የግዕዙን ሁለት ነጥብ ‹፡› ነው፤ ቅድመ ስምን የሚለየው ግን ‹:› ብቻ ነው። ‹መ፡ርዕስ› ተብሎ ቢጻፍ አምስተኛውን እትም የሚከተል ፓርሰር ሳያጉረመርም ይቀበለዋል፤ ነገር ግን ሁሉንም እንደ አንድ የውስጥ ስም ይወስደዋል እንጂ ምንም ኔምስፔስ አያገኝለትም። ሦስተኛው ቀላል ነው፤ በስም ውስጥ ክፍት ቦታ አይገባም፤ ‹የአባት_ስም›ን በታች ሰረዝ ያያያዝኩት ለዚህ ነው።

በሌሎች ቋንቋዎች ይህንኑ ለምትሠሩ አንባቢዎች ልዩነቶቹን በአጭሩ ላንሣ። በፓይተኑ ኤልመንት ትሪ አንድን ኤልመንት በፎር ሉፕ መዞር በራሱ ቀጥተኛ ልጆቹን ብቻ ይሰጣል፤ ባዶ ቦታ እንደ ኖድ አይቀመጥም፤ ማስታወሻዎችንም ነባሪው ፓርሰር ይጥላቸዋል። ኢተር የተባለው ሜተድ ግን ዘሩን ሁሉ፣ ራሱን ኤልመንቱንም ጨምሮ፣ ስለሚያመጣ በስሙ መመሳሰል እንዳይሳሳቱ። በድሮ ኮድ የሚታየው ጌት ችልድረን ከፓይተን 3.9 ጀምሮ ተወግዷል። ስሙ የሚገኘው ታግ ከተባለው አትሪቢዩት ሲሆን ኔምስፔስ ካለ አድራሻው በጥምዝ ቅንፍ ታስሮ ከፊቱ ይቀመጣል። ወደ ኤልኤክስኤምኤል ሲሸጋገሩ ማስታወሻዎችና የማቀነባበሪያ መመሪያዎች ከልጆቹ ጋር ይመጣሉ፤ ታጋቸውም ጽሑፍ ሳይሆን ፈንክሽን ነው፤ በአንዱ ላይብረሪ የሠራ ኮድ በሌላው ላይ የሚወድቅበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

በሲ ሻርፕ የኤክስ ኤልመንት ክላስ ኤለመንትስ እና ዲሴንዳንትስ የሚሉ ሁለት ሜተዶች አሉት፤ የመጀመሪያው ልጆችን፣ ሁለተኛው ዘርን ሁሉ ይሰጣል፤ ልዩነቱን በስማቸው ላይ እንዲህ ግልጽ ያደረገ ሌላ ላይብረሪ ብዙ አላየሁም። በብራውዘር ውስጥ ችልድረን የተባለው ፕሮፐርቲ ኤልመንቶችን ብቻ ይመልሳል። እዚያ ግን ዶም ፓርሰር የተበላሸ ኤክስኤምኤል ሲያጋጥመው ስህተቱን እንደ ኤክሴፕሽን አይወረውርም፤ ‹ፓርሰር ኤረር› የሚል ኤልመንት ያለበት ሰነድ ይመልሳል፤ ይህንን ያልመረመረ ኮድ የስህተቱን ኤልመንት ከልጆች ስም ጋር ሊቆጥረው ይችላል። በፒኤችፒው ሲምፕል ኤክስኤምኤል ደግሞ ችልድረን ያለ አርጉመንት ሲጠራ ሌላ ኔምስፔስ ያላቸውን ልጆች አያሳይም፤ ልጆቹ የጠፉ ይመስላሉ፤ አድራሻው ሲሰጠው ብቅ ይላሉ።

ኤክስፓዝን (ከሰነዱ ውስጥ ኖዶችን የመምረጫ ቋንቋ) መጠቀም ለሚመርጡ ጥያቄው ወደ አንድ ፊደል ይወርዳል። ወላጁን መነሻ አድርገው ‹*› ብቻ ይጻፉ፤ ልጅ የሆነ ማንኛውም ኤልመንት ማለት ነው፤ ጽሑፍም ማስታወሻም አይገባበትም። ድርብ እዝባር ‹//› ከፊቱ ከጨመሩ ከሰነዱ ሥር ጀምሮ ያለውን ሁሉ ስለሚፈልግ ወደ ቀድሞው ችግር ይመለሳሉ። ስሞቹን ራሳቸው ኤክስፓዝ እንዲመልስ ሲፈለግ ግን ወጥመድ አለ፤ በኤክስፓዝ 1.0 ኔም የሚባለው ፈንክሽን ብዙ ኖዶች ሲሰጡት የመጀመሪያውን ብቻ ስም መልሶ ዝም ይላል፤ ስለዚህ ከአራት ልጆች ‹ርዕስ› ብቻ ይወጣል። በ2.0 ፈንክሽኑን በመንገዱ መጨረሻ ላይ ከኮከቡ በኋላ ማስቀመጥ ስለሚቻል የሁሉም ስም ይመጣል፤ ጃቫ በራሱ ይዞ የሚመጣው ግን 1.0 ነው፤ እዚያ ላይ ኖዶቹን በኤክስፓዝ አምጥቶ ስማቸውን በሉፕ መውሰድ ያስፈልጋል።

ፋይሉ በኮምፒውተሩ ሜሞሪ ውስጥ የማይገባ ያህል ትልቅ ከሆነ ዛፍ መሥራት ቀርቶ በሳክስ ወይም በስታክስ እየፈሰሰ መነበብ አለበት። በዚያ ‹ልጅ› የሚባል ነገር ስለሌለ ጥልቀቱን ራስዎ ይቆጥራሉ፤ የኤልመንት መክፈቻ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ ቆጣሪው ከወላጁ በአንድ ደረጃ ብቻ የሚርቅ መሆኑን መርምረው ስሙን ይመዘግባሉ፤ ከዚያ ቆጣሪውን ይጨምራሉ፤ መዝጊያ ሲመጣ ይቀንሳሉ። በሳክስም ኔምስፔስ ካልተከፈተ የውስጥ ስሙ ባዶ ጽሑፍ ሆኖ ይመጣል። በሲ ሻርፑ ኤክስኤምኤል ሪደር ራሱን በራሱ የዘጋ ባዶ ኤልመንት የመዝጊያ ክስተት አያስነሣም፤ ቆጣሪዎን በእጅዎ የሚያንቀሳቅሱ ከሆነ አንድ ባዶ ኤልመንት የቀረውን ቆጠራ ሁሉ በአንድ ያዛባዋል። ሪደሩ ዴፕዝ የሚባል የራሱ ቆጣሪ ስላለው እሱን መጠቀም ይሻላል።

ስሞቹ ሲደጋገሙ ምን ይሁን የሚለውን በጥያቄዎ ውስጥ አላነሡትም፤ ቅደም ተከተል ስለፈለጉ ግን በእኛ ምሳሌ ‹ምዕራፍ› ሁለት ጊዜ መውጣቱ ትክክል ነው ብዬ ወስጃለሁ። ያለ ድግግሞሽ ከፈለጉ በጃቫ ሊንክድ ሃሽ ሴት ይጠቀሙ፤ ተራው ሃሽ ሴት ድግግሞሹን ሲያጠፋ ቅደም ተከተሉንም አብሮ ያጠፋዋል።

ኮዱን ከጨረሱ በኋላ ሆን ብለው የሚያስቸግር አንድ የሙከራ ፋይል ይሥሩለት። ከወላጁ ሥር አንድ ማስታወሻ፣ አንድ የማቀነባበሪያ መመሪያ፣ አንድ የሲዳታ ክፍል፣ አንድ ራሱን የዘጋ ባዶ ኤልመንት፣ አንድ ቅድመ ስም ያለው ኤልመንት እና ከልጆቹ አንዱን በስም የሚመስል የልጅ ልጅ ያስገቡ። ያንኑ ፋይል አንድ ጊዜ በየመስመሩ ተዘርግቶ፣ አንድ ጊዜ ሁሉም በአንድ መስመር ተጣብቆ ያንብቡት። ሁለቱ ንባቦች በስምም በብዛትም በቅደም ተከተልም አንድ ዓይነት ዝርዝር ካልሰጡ ኮዱ አሁንም የሚያነበው ባዶ ቦታውን ነው።